ውሃው የት ይሄዳል? የአሮጌ አይሱዙ የውሃ ፓምፕ ሲደክም

ከወረታና ከሐሙሲት ሩዝና ሽንኩርት የማመላልስበት መኪና ባለ አራት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ያለው አሮጌ አይሱዙ ኤን ፒ አር ነው። ኮምፒውተር የለውም። ሕመሙን የሚናገረው በድምፅ፣ በጠረንና በጠብታ ብቻ ነው። ባለፈው በጋ በየጠዋቱ የሞተሩን ውሃ የሚያበርደውን ራዲያተር ስከፍት ውሃው ዝቅ ብሎ ይጠብቀኝ ጀመር። መጀመሪያ አንድ ብርጭቆ ይበቃው ነበር፤ ቆይቶ ግማሽ ጠርሙስ ጠየቀ። መኪናው ሥር ያለው መሬት ግን ደረቅ ነው።

ከባሕር ዳር እስከ ወረታ ያለው መንገድ ሜዳ በመሆኑ የደከመ ፓምፕን ይሸፍናል። ፎገራ ላይ ጭነት ሙሉ ይዛችሁ ብትነዱም ሞተሩ አይጨነቅም። ነገሩ የሚጋለጠው ወደ ጎንደር ስትሄዱ ከአዲስ ዘመን በኋላ ዳገቱ ሲጀምር ነው። የእኔም የሙቀት ጠቋሚ ከወረታ ወዲህ ሁልጊዜ መሐል ላይ ቆሞ ኖሮ፣ እዚያ ዳገት ላይ ወደ ቀዩ መስመር መጠጋት ጀመረ።

እንዲህ ያለ ወሬ በሹፌሮች መሐል ከተወራ ምክር አይጠፋም። አንዱ ፓምፑን ቀይር አለኝ፤ ሌላው ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ መክደኛ) ተቃጥሏል፣ አትልፋ አለኝ፤ ሦስተኛው ተርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን የሚያግደውን በር) አውጥተህ ጣለው አለኝ። ሁሉም እርግጠኛ ነበሩ። ወደ አንድ አዛውንት መካኒክ ሄጄ ምልክቱን ስነግራቸው ግን የመለሱልኝ ጥያቄ ነው። «ልጄ፣ ውሃው የት እንደሚሄድ አውቀሃል?» አላወቅሁም ጋሼ አልኳቸው። «እንግዲያው ገና ምንም አትግዛ» አሉኝ። ይህን የምጽፈው በዋናነት ስለዚህ ጥያቄ ነው፤ ፓምፕ መቀየሩ ራሱ ከባድ ሥራ አይደለም።

ከራዲያተር የጎደለ ውሃ የሚሄድባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው። ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ ወይም በተበላ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በመገጣጠሚያው መሐል በሚገባው ማሸጊያ) በኩል ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ በጭስ ይወጣል፤ ወይም ከሞተር ዘይት ጋር ይቀላቀላል፤ አለዚያም ክዳኑ ግፊት መያዝ አቅቶት በትርፍ ማውጫው ቱቦ ይተፋዋል። ውሃ ሳይጎድል ሞተሩ የሚግል ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ያኔ የሚጠረጠረው የውሃው ዝውውር ወይም የአየሩ ፍሰት ነው። እነዚህን ሁለቱን የማይለይ ሰው ገንዘቡን በግምት ያወጣል።

እኔ የጀመርኩት ከክዳኑ ነው፤ ከሁሉም የሚረክሰው እሱ ስለሆነ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ በክፍት ድስት የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። የናፍጣ ሞተር ደግሞ ከ80 እስከ 90 ባለው ሙቀት ነው በደንብ የሚሠራው። በመሐል ያለው ርቀት ትንሽ መሆኑን አስተውሉ። ይህን ርቀት የሚያሰፋው ክዳኑ ነው፤ ላዩ ላይ 0.9 ተብሎ የተጻፈበት ክዳን ያንን ያህል ባር ግፊት ሲይዝ እዚህ ከተማ ውሃው የሚፈላበትን ወደ 115 ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል። ላስቲኩ የተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ግን ውሃውን ዳገት ላይ በ94 ያፈላዋል፤ ከዚያ ሰው ሁሉ ፓምፑን ይወቅሳል። ደጋማ አገር ላይ እየነዱ ክዳኑን በጨርቅ ወይም በፌስታል ጠቅልሎ መግጠም የተለመደ ነው፤ ይህ በእኔ ግምት ከምንሠራቸው ነገሮች ሁሉ የሚያስከፋው ነው። የእኔ ክዳን ላስቲኩ ደርቆ ስለነበር ቀየርኩት። ውሃው ግን መጉደሉን አላቆመም።

ቀጥሎ የራዲያተሩን ፊት አየሁ። ወረታ ከሩዝ መፈልፈያዎች አጠገብ የሚጭን መኪና ካላችሁ ይህን አትዝለሉ። የሩዙ ገለባና ብናኝ በቬንቲላተሩ (በማራገቢያው) እየተሳበ በራዲያተሩ ክንፎች መሐል ይሰገሰጋል፤ ከላዩ የናፍጣና የዘይት ወዝ ሲያገኝ እንደ ጭቃ ይጋገራል። አየር ካላለፈ ፓምፑ ምንም ያህል ቢገፋ ውሃው አይበርድም። የሚታጠበው ከሞተር በኩል ወደ ውጭ ነው፣ በቀስታ። በኃይለኛ ግፊት ከፊት ከረጫችሁት ስስ ክንፎቹን ታጣጥፏቸዋላችሁ፤ ቆሻሻውም ወደ ውስጥ ይገባል።

ተርሞስታቱን በድስት ውስጥ ፈተንኩት። በክር አንጠልጥሎ፣ የድስቱን ታች ሳይነካ፣ ቴርሞሜትር አጠገቡ አድርጎ ማሞቅ ነው። ላዩ ላይ 82 የሚል ከሆነ በዚያ አካባቢ መከፈት ይጀምራል። እዚህ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ 82 ላይ የሚጀምር ተርሞስታት ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው በብዙዎቹ ላይ 95 ገደማ ነው፤ የእኛ ውሃ ደግሞ 94 ላይ ፈልቶ ከዚያ በላይ አይወጣም። ስለዚህ ጫፍ ድረስ አልተከፈተም ብላችሁ ደህናውን ዕቃ አትጣሉ። ጥቂት ሚሊ ሜትር ተነሥቶ ሲበርድ ከተመለሰ ጤነኛ ነው። አውጥተህ ጣለው የሚለውን ምክር አልቀበልም። ያለ ተርሞስታት ሞተሩ በሜዳ ላይ ሙቀቱን ሳያገኝ ይሠራል፤ ናፍጣ ይበላል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ያረጃል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ደግሞ ውሃው ራዲያተሩን ትቶ በአጭሩ መንገድ ይመላለስና ጭራሽ ያግላል።

የቴስታታው ጥርጣሬ ከሁሉም ያስፈራኝ ነበር። አዛውንቱ ያሳዩኝ ፍተሻ ግን ቀላል ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ፓምፑን የሚያዞረውን ቺንጊያ (የጎማ ቀበቶ) ያወልቁታል፤ ራዲያተሩን እስከ አፉ ይሞሉና ክዳኑን ሳይከድኑ ሞተሩን ያስነሣሉ። ፓምፑ ስለማይዞር ውሃው ረግቶ ይቆማል። በዚህ ጊዜ ከአንገቱ የማያቋርጥ አረፋ ከመጣ ያ አየር ከሲሊንደር የሚያመልጥ ጭስ ነው። ይህን ከአንድ ደቂቃ በላይ አታስኬዱት፤ ውሃው ስለማይዘዋወር ቴስታታው ሳይታወቅ ይግላል። በእኔ መኪና አረፋ አልታየም፤ የዘይቱ መለኪያ ዘንግም ላይ ወተት የመሰለ ነገር አልነበረም። ያን ቀን ምሳዬን በደስታ በላሁ።

ቺንጊያው እንደወለቀ ፓምፑ ራሱ ይፈተሻል። በእኔ ሞተር ቬንቲላተሩ የተቀመጠው በፓምፑ ዘንግ ላይ ነው። ሁለቱን ትይዩ ክንፎች በእጅ ይዞ አንዱን ወደ ራስ፣ ሌላውን ወደ ሞተሩ መግፋት ነው። ጤነኛ ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበት መያዣ) ቅንጣት አይነቃነቅም። የእኔው በጣም ጥቂት ተነቃነቀ፤ ቀስ ብዬ ሳዞረው ደግሞ ውስጡ አሸዋ የገባ ያህል ይሻክራል። ይህ ቸል የሚባል አይደለም። ኩሽኔታው ጨርሶ ከለቀቀ ቬንቲላተሩ ወደ ፊት ሄዶ ራዲያተሩን ይበላዋል፤ የፓምፕ ወጪ የነበረው የራዲያተርም ወጪ ይሆናል።

የውሃው መሄጃ የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ከፓምፑ ሆድ ሥር፣ በኩሽኔታውና ውሃውን በሚያግደው ሲል መሐል፣ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ሲሉ ሲደክም ውሃው ኩሽኔታውን እንዳያበላሽ በእሷ በኩል እንዲወጣ ሆን ተብላ የተሠራች ናት። በትንሽ መስታወትና በባትሪ መብራት ከሥር ሳይ ከቀዳዳዋ ጀምሮ ወደ ታች የዝገት ቀለም ያለው፣ ዳር ዳሩ ነጭ የሆነ መስመር ወርዷል። መሬቱ ደረቅ የሆነበትም ምክንያት ይኸው ነው፤ ጠብታው በጋለው ሞተር ላይ ይተናል፣ የቀረውን ቬንቲላተሩ እየበተነ ያጠፋዋል። ማየት የምትፈልጉ ሞተሩ አድሮ ከበረደ በኋላ፣ ገና ሳታስነሡት እዩ። ይህችን ቀዳዳ በሙጫ የደፈኑ ሰዎች አይቻለሁ። ጠብታው ይቆማል፣ ውሃው ግን ኩሽኔታው ውስጥ ይገባል።

ፓምፕ በሌላም መንገድ ይሞታል፤ ይህኛው አያንጠባጥብም፣ አይጮህም። በውስጥ በኩል ውሃውን የሚገፋው መቅዘፊያ ለዓመታት ኩላንት (ዝገት የሚከላከል የራዲያተር ፈሳሽ) የሌለበት ባዶ ውሃ ሲጠጣ በዝገት ተበልቶ ያልቃል፤ ወይም ከዘንጉ ጋር ያለው መያዣ ላልቶ ዘንጉ ብቻውን ይዞራል። ምልክቱ ሞተሩ ግሎ ሳለ የራዲያተሩ የላይ ቱቦ የሚያቃጥል፣ የታችኛው ደግሞ ቀዝቃዛ መሆኑ ነው። የተደፈነ ራዲያተርም ይህንኑ ምልክት ስለሚሰጥ፣ ክዳኑን በቀዝቃዛው ከፍታችሁ ተርሞስታቱ እስኪከፈት ሞተሩን አሙቁና ነዳጅ ስትሰጡት ውሃው አንገቱ ላይ ሲንቀሳቀስ ይታይ እንደሆነ ተመልከቱ። ምንም የማይንቀሳቀስ ከሆነ መቅዘፊያው ይጠረጠራል።

ስለ ሙቀት ጠቋሚውም ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ሙቀቱን የሚለካለት ሴንሰር ሥራውን የሚሠራው ውሃ ውስጥ ተነክሮ ሲቆይ ነው። ውሃው ከእሱ በታች ከወረደ በእንፋሎት መሐል ይቀርና ቀስቱ ወደ ቀዝቃዛው ሊመለስ ይችላል። ዳገት ላይ ቀይ ሊነካ የነበረ ቀስት በድንገት ከወረደ ተሻለው ብላችሁ አትቀጥሉ። ወዲያው ዳር ያዙና አጥፉ። ውሃው እያለ ሞተሩ ትንሽ ብቻ የጋለ እንደሆነ ግን ጭነቱን ቀንሶ፣ የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፍቶ፣ ቆሞ በዝግታ ማሠራት ይሻላል። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ቴስታታ ያሰነጥቃል፤ የጋለ ክዳን መክፈት ደግሞ ፊት ያቃጥላል።

አዲሱን ፓምፕ የገዛሁት አሮጌውን ፈትቼ በእጄ ይዤ ነው፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ። በሞዴል ስም ብቻ ከጠየቃችሁ ሻጩ የሚመስለውን ይሰጣችኋል። ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አቁሟቸው። የቡሎን ቀዳዳዎቹ አቀማመጥ፣ የመቅዘፊያው ስፋትና ክንፍ ብዛት፣ ከሁሉም በላይ ቬንቲላተሩ የሚታሰርበት ፊት ከፓምፑ መቀመጫ ያለው ርቀት እኩል መሆን አለበት። ይህ ርቀት ጥቂት ሚሊ ሜትር ከረዘመ ክንፉ ራዲያተሩን ሊነካ ይችላል። ከመፍታታችሁ በፊትም በክንፉና በራዲያተሩ መሐል ያለውን ክፍተት ለኩ። የመጀመሪያው ሱቅ የሰጠኝ መቅዘፊያው ከስስ ላሜራ የተቆረጠ ነበር፣ የእኔው ግን ከቀለጠ ብረት የተሠራ ነው። ዋጋው ቢያጓጓም መለስኩት። ቶርኖ ቤት ወስዶ ኩሽኔታና ሲል ማስቀየርም ይቻላል። አዲስ ከጠፋ ከሚቆም ይሻላል፤ ነገር ግን ዘንጉ ሲሉ በሚያርፍበት ቦታ ከተፈገፈገ አዲስ ሲል ብትጨምሩበትም አያግድም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ዘንጉን በጥፍራችሁ ዳስሱት።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ ጋቢናው ወደ ፊት ስለሚዘነብል ውስጥ ያለውን ሁሉ አውጡ። የረዳቴ የቡና ፔርሙስ ተንከባሎ የፊት መስታወቱ ላይ ሲያርፍ የሰማሁት ድምፅ አሁንም ያስደነግጠኛል። ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አድርጉ፤ የጋቢናው መቆሚያ ብረት መቆለፉን በእጃችሁ ነክታችሁ አረጋግጡ፤ የባትሪውን አሉታዊ ገመድ ንቀሉ። ውሃውን በጀሪካን ተቀበሉ። ኩላንት ያለበት ከሆነ መርዝ ነው፤ ጣፋጭ ስለሆነ ውሻና ፍየል ይልሱታል፣ ይሞታሉም። ወደ ቦይ የተደፋ ደግሞ መድረሻው ጣና ነው፤ ሐይቁን እምቦጩ አይበቃውም?

የቬንቲላተሩን መከለያ፣ ቬንቲላተሩን፣ ቺንጊያዎቹን፣ ፑሌጃውን (ቺንጊያው የሚዞርበትን መንኮራኩር) እና ቱቦዎቹን በቅደም ተከተል አወለቅን። የፓምፑ ቡሎኖች ርዝመታቸው አንድ አይደለም። ካርቶን ላይ የፓምፑን ቅርጽ ስላችሁ እያንዳንዱን ቡሎን በቦታው ሰክታችሁ አስቀምጡ፤ ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ካስገባችሁ ወይ አይጠብቅም ወይ ብረቱን ይሰነጥቃል።

አንዱ ቡሎን አልላቀቅም አለ። አሮጌ ሞተር ላይ ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ጊዜ የሚወስደውም እዚህ ነው። ረዳቴ ረጅም ቧንቧ ቁልፉ ላይ ሰክቶ ሊሰብረው ሲል አዛውንቱ እጁን ያዙት። ዝገት ማላቀቂያ ቀብተው፣ በመዶሻ ራሱን ቀስ ቀስ እያደረጉ መቱትና እንዲያድር ተውት። ጠዋት መጀመሪያ ወደ ማጥበቂያው በኩል ቅንጣት አዞሩት፣ ከዚያ ወደ መፍቻው፣ እንደገና ወደ ማጥበቂያው። እንዲህ እየተመላለሰ ወጣ። ቢሰበር ኖሮ በቀረው ጉቶ ላይ ዳዶ አስቀምጦ በብየዳ ማያያዝና ገና ትኩስ ሳለ ማዞር ነበር መፍትሔው፤ ሙቀቱ ራሱ ዝገቱን ያላቅቀዋል።

አሮጌው ጓርኒሲዮን የነበረበትን ፊት ስታጸዱ ብረቱን አትፈግፍጉ፤ የተረፈውን ወረቀት በስለት ቀስ ብሎ ማንሣትና በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ይበቃል። ፍርፋሪው ውሃ መንገዱ ውስጥ እንዳይገባ በጨርቅ ድፈኑ፣ ጨርቁን ማውጣት ደግሞ አትርሱ። ጓርኒሲዮን ከዕቃው ጋር ካልመጣ ከጓርኒሲዮን ወረቀት ራሳችሁ መቁረጥ ትችላላችሁ፤ ውፍረቱ ግን የአሮጌውን ያህል ይሁን። ከሳሳ መቅዘፊያው ቤቱን ሊፈገፍግ ይችላል፤ ከወፈረ ደግሞ የመግፋት ጉልበቱ ይቀንሳል። ሲሊኮን ስስ አድርጎ መቀባት እንጂ መለሰን አያስፈልግም፤ የተረፈው ወደ ውስጥ ወጥቶ ራዲያተር ይደፍናል። ውሃ መንገድ ውስጥ የሚገቡ ቡሎኖችን ጥርሳቸውን ሲሊኮን ቀቡ። ቡሎኖቹን በመስቀለኛ፣ በትንሽ በትንሹ አጥብቁ። ለ8 ሚሊ ሜትር ቡሎን ከ20 እስከ 25 ኒውተን ሜትር በቂ ነው፤ መለኪያ ቁልፍ ከሌላችሁ በአጭር ቁልፍ፣ በክንድ ሳይሆን በእጅ አንጓ ጉልበት ማለት ነው።

ቺንጊያዎቹን አብሬ ቀየርኳቸው። በሁለቱ ፑሌጃዎች መሐል በአውራ ጣት ጠንከር አድርጋችሁ ስትጫኑት 10 ሚሊ ሜትር አካባቢ ቢወርድ ልኩ ነው። ብዙ ሰው እንዳይንሸራተት ብሎ እንደ ክራር ክር ይወጥረዋል፤ አዲሱን ኩሽኔታ ቶሎ የሚገድለው ይህ ነው። የዲናሞውም ኩሽኔታ አብሮ ይሄዳል።

ለመሙላት የቧንቧ ውሃ ብቻ አልተጠቀምኩም። እዚህ ብርድ ስለሌለ ኩላንት የቅንጦት ዕቃ ይመስለናል፤ ጥቅሙ ግን ዝገትን መከላከልና ሲሉን ማለስለስ ነው። መቅዘፊያ የሚበላውም በአብዛኛው ባዶ ውሃ በሚነዳ መኪና ላይ ነው። ከግማሽ በማይበልጥ መጠን ከተጣራ ወይም ከንጹሕ የዝናብ ውሃ ጋር ቀላቅሉት። የጋቢናውን ማሞቂያ ከፍታችሁ በዝግታ ሙሉ፤ ቶሎ ካፈሰሳችሁት አየር ይታፈናል። ክዳኑን ሳትከድኑ ሞተሩን አስነሡ፤ ተርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ድንገት ይወርዳል፣ ያኔ ጨምራችሁ ክደኑ።

መጀመሪያ ባዶውን እስከ ሐሙሲት፣ ከዚያ ጭኜ ወደ አዲስ ዘመን ዳገት ወጣሁ። ቀስቱ መሐሉን ትንሽ አለፍ ብሎ እዚያው ቆመ። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ የቱቦዎቹን ፋሼታ (ማሰሪያ ቀለበት) ሁሉ እንደገና አጠበቅሁ፤ የቱቦው ጎማ ሲሞቅና ሲበርድ እየተጨመቀ ስለሚሄድ ፋሼታው ይላላል። ውሃው ጥቂት ጎድሎ ነበር። ይህ የታፈነው አየር ሲወጣ የሚሆን ነው፤ ከሁለተኛው ሙሌት በኋላ አይደገምም። ከአዲሱ ፓምፕ ቀዳዳም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጠብ ጠብ ቢል ሲሉ ከመቀመጫው ጋር እስኪላመድ ነው። ከጥቂት ቀን ሥራ በኋላም የሚያንጠባጥብ ከሆነ ግን ደረሰኙን ይዛችሁ ወደ ሱቁ ተመለሱ።